ከ100 ሊትር አጓት 5 ኪሎ ማጣፈጫ? ሒሳቡን እንየው

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ ከወተት ቤት እስከ ካምፓስ በየስልኩ እየተላለፈ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ ማጣፈጫ ነው፤ በባክቴሪያ ኢንዛይም ከአጓት ስለሚሠራ፣ ታጋቶስ ስለሚባል አነስተኛ ካሎሪ ያለው ስኳር። ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፣ ሐሳቡም ቅን ነው። የሳተው ሒሳቡ ላይ ነው። ያንን ሒሳብ አምኖ ድስትና ቴርሞሜትር የገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል፤ የሠራውን ሽሮፕ ለስኳር ሕመምተኛ እናቱ ያቀመሰ ግን ከገንዘብም የከፋ ጉዳት ያደርሳል። መልስ መጻፍ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። በጣና ዙሪያ አይብ የሚያወጣ ሁሉ አጓቱን ይደፋዋል፤ አጓት ውስጥ ደግሞ 5 በመቶ የወተት ስኳር አለ፤ ስለዚህ ከ100 ሊትር አጓት 5 ኪሎ ማጣፈጫ ይገኛል። ሥራው እርጎ ከማርጋት አይከብድም፤ ባክቴሪያውን ጨምሮ ሞቅ ያለ ቦታ ማሳደር ነው። የሚወጣው ሽሮፕ ካሎሪ ስለሌለው የስኳር ሕመምተኛ እንዳሻው ይጠጣዋል፤ የተጠራጠረም ጠብታውን በስኳር መለኪያው ይፈትሻል። ከዚያ አልፈው የጣና በለስ ፋብሪካ ስኳር አሉሎስ ወደሚባል ሌላ አነስተኛ ካሎሪ ያለው ስኳር፣ የሐይቁ እምቦጭ ደግሞ ዛይሊቶል ወደሚባል ማጣፈጫ ይቀየር ይላሉ።

ትክክል ከሆነው እንጀምር። አጓት መደፋቱ እውነት ነው፤ ከጥጃና ከውሻ የተረፈው ቦይ ውስጥ ይገባል። ጉዳቱም ጸሐፊው ከጠቀሱት ይብሳል። አንድ ሊትር አጓት በውሃ ውስጥ ሲበሰብስ ከ30 እስከ 50 ግራም ኦክስጅን ይፈጃል፤ አንድ ሊትር የሐይቅ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ግን ከ10 ሚሊ ግራም በታች ነው። አንድ ጀሪካን አጓት የስንት ሺህ ሊትር ውሃ ትንፋሽ እንደሚጨርስ አንባቢው ያስላው። ታጋቶስም ተረት አይደለም። አሜሪካ ከ2001 እ.ኤ.አ.፣ አውሮፓ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በምግብ ውስጥ እንዲገባ ተቀብለውታል። ጣፋጭነቱ የተራውን ስኳር 92 በመቶ ያህል ሲሆን ጣዕሙም ከስቴቪያ (ከቅጠል ከሚወጣው ማጣፈጫ) ይልቅ ለስኳር ይቀርባል። «ባክቴሪያ» የሚለውን ቃል ሰምተው ለሚደነግጡ ሰዎች ጸሐፊው የሰጡት መልስም ልክ ነው፤ ኢንዛይም ፕሮቲን ነው፣ አይራባም፣ በደንብ በተጣራ ስኳር ውስጥም አይቀርም። የለስላሳ መጠጥ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት የበቆሎ ሽሮፕ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራው ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ በሚያዞር የባክቴሪያ ኢንዛይም ነው።

አሁን ወደ 5 ኪሎው። ጸሐፊው የጠቀሱት 5 በመቶ የትኩስ ወተት ቁጥር ነው፤ ለዚያውም ከፍ ብሎ የተወሰደ። የላም ወተት ላክቶስ፣ ማለትም የወተት ስኳሩ፣ 4.6 ወይም 4.7 በመቶ አካባቢ ነው። ትኩስ ወተትን በሬኔት (ወተት በሚያረጋ ኢንዛይም) የሚያረጋ የፎርማጆ ፋብሪካ ይህንኑ ያህል ላክቶስ ያለው፣ ለምላስ ጣፈጥ የሚል አጓት ያገኛል። የእኛ አይብ ግን ከአሬራ ነው የሚወጣው። ወተቱ ሁለት ሦስት ቀን ተጠራቅሞ ይረጋል፣ ይገፋል፣ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ለስ ባለ እሳት ላይ ይጣዳል፤ አይቡ ተለይቶ ሲጠለል የሚቀረው ቢጫ አረንጓዴ ውሃ ነው አጓት የምንለው። በእነዚያ ቀናት የእርጎው ባክቴሪያዎች ሥራ ላይ ነበሩ። 1 ግራም ላክቲክ አሲድ ለመሥራት 1 ግራም ገደማ ላክቶስ ይበላሉ። አጓቱ 1 በመቶ አሲድ ካለው፣ በደንብ የኮመጠጠ አጓት ደግሞ ወደዚያ ይጠጋል፣ ከላክቶሱ 1 በመቶው ሄዷል ማለት ነው። የቀረው 3.6 በመቶ ቢሆን ነው።

በዚህ እንቀጥል። 100 ሊትር አጓት 3.6 ኪሎ ላክቶስ ይይዛል። ላክቶስ ግሉኮስና ጋላክቶስ ተጣምረው የሠሩት ነው፤ ታጋቶስ መሆን የሚችለው ጋላክቶሱ ብቻ ነው። ጥምረቱን የሚፈታው ኢንዛይም፣ ማለትም ላክቴዝ፣ 90 በመቶውን ቢፈታልን 1.7 ኪሎ ጋላክቶስ እናገኛለን፤ ያንኑ ያህል ግሉኮስም ከጎኑ ይቀመጣል። ከዚያ ዋናው ኢንዛይም ይገባል፤ ኤል-አራቢኖስ አይሶመሬዝ ይባላል። ይህ ኢንዛይም ጋላክቶስን ወደ ታጋቶስ ይወስዳል፤ ታጋቶስንም ወደ ጋላክቶስ ይመልሳል። መሄዱና መመለሱ እኩል ሲሆን ለውጡ ይቆማል። በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይህ የሚሆነው ከመቶው 38 ያህሉ ታጋቶስ ሲሆን ነው። ኢንዛይሙን እጥፍ ብናደርገው እዚያው ሚዛን ላይ ቶሎ ያደርሰናል፤ ከዚያ አያሻግረንም። ስለዚህ 1.7 ኪሎ ጋላክቶስ 0.65 ኪሎ ታጋቶስ ይሰጣል። በማጣራት አንድ አምስተኛው ይጠፋል ብንል፣ ይህም ለጀማሪ ቸርነት ነው፣ እጃችን ላይ የሚቀረው ግማሽ ኪሎ ነው። ከተባለው አንድ አሥረኛ። አንድ ቶን ለማምረት ወደ 190,000 ሊትር አጓት መሰብሰብ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ በቀን ጥቂት ሊትር ከምትታለብ የፎገራ ላም፣ ከየደጃፉ፣ በሰዓታት ውስጥ ይብስ በሚኮመጥጥበት የባሕር ዳር ሙቀት።

«ሚዛኑን ማለፍ ይቻላል» የሚል ቢኖር አልተሳሳተም። ቦሬት የሚባል የቦሮን ጨው ቢጨመር ታጋቶሱን ይዞ ስለሚያስቀር ውጤቱ ከፍ ይላል፤ ግን ቦሬትን ከምግብ ውስጥ ጠርጎ ማውጣት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሙቀቱ ቢጨመር ሚዛኑ ወደ ታጋቶስ ያዘነብላል፤ ከ70 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ሽሮፑ መጥቆርና መምረር ይጀምራል። ሦስተኛው መንገድ ከስታርች ተነሥቶ ስኳሩን ከፎስፌት ጋር እያያያዙ በበርካታ ኢንዛይም ማሳለፍ ነው፤ የመጨረሻው እርምጃ ፎስፌቱን ቆርጦ ስለሚጥል ወደኋላ መመለሻ የለውም፣ ሁሉንም ወደፊት ይስባል። ብልህ ዘዴ ነው። ግን አጓት አይፈልግም፤ ጽሑፉ ከተነሣበት ጉዳይ ውጭ ነው።

«እርጎ ከማርጋት አይከብድም» የሚለው ነጥብ ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ሰው ገንዘብ የሚያጠፋው እዚህ ነውና። እርጎ የሚረጋው ባክቴሪያው ስኳሩን ስለሚበላ ነው። እዚህ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ስኳሩ ሳይበላ ቅርጹ ብቻ እንዲዞር። ሕያው ባክቴሪያ አጓት ውስጥ ጨምሮ ማሳደር ማለት ድመትን ሥጋ ማስጠበቅ ነው። አንዳንድ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ኢንዛይሙ አላቸው፤ በብዛት የሚሠሩት ግን አራቢኖስ የሚባል ሌላ ስኳር ሲያገኙ ነው፤ ጋላክቶስ ያገኙ እንደሆነ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ስለዚህ በሥራው ላይ ያሉ ሰዎች የሚያደርጉት ሌላ ነው። ሙቀት ከሚችል ባክቴሪያ፣ ለምሳሌ ከጂኦባሲለስ ስቴሮተርሞፊለስ፣ የኢንዛይሙን ዘረመል ወስደው በኢ. ኮላይ ወይም በባሲለስ ሰብቲለስ ውስጥ ያስገባሉ፤ ያን ያሳድጋሉ፣ ሕዋሱን ይሰበስባሉ፣ ኢንዛይሙን ያወጣሉ ወይም መራባት የማይችለውን ሕዋስ እንዳለ ይጠቀማሉ። የተለወጠ ዘረመል ያለው ተሐዋሲ ደግሞ በጓሮ የሚረባ አይደለም፤ የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና ማሻሻያው 896/2007 ፈቃድ ይጠይቃሉ። በጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

ባክቴሪያው የሚያድግበትን ፈሳሽ ማምከን ራሱ እዚህ ከተማ ውስጥ የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። በክፍት ድስት ማፍላት የባሲለስን ዘር (ሙቀት የሚቋቋመውን ስፖር) አይገድልም። ፕሬዠር ኩከርም ቢሆን፣ መመሪያው ላይ 121 ዲግሪ የሚለው ግፊት እዚህ የሚሰጠው 118 ያህል ነው። 15 ደቂቃ የተባለውን ወደ 30 ማድረስ ያስፈልጋል። ይህን ያልቆጠረ ሰው በሦስተኛው ቀን ፍላስኩ ውስጥ የማያውቀው እንግዳ ያገኛል።

ኢንዛይሙ በእጅ ገባ እንበል። አጓቱን ደግሞ ለኢንዛይሙ ማሰናዳት አለ። መጀመሪያ አጓቱ በኮመጠጠበት በ90 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ይሞቃል፤ አሬራው ለስ ባለ እሳት ብቻ ከሞቀ አጓቱ ውስጥ የቀረ ፕሮቲን ስላለ እንደ ቀጭን አይብ ይወርዳል። በጥብቅ ጨርቅ ይጠለላል። (በነገራችን ላይ ይህ ሁለተኛ አይብ ይበላል፤ ከ100 ሊትር ግማሽ ኪሎ ፕሮቲን ቢገኝበት አይገርምም። አጓት እንዳይደፋ የሚያስብ ሰው ከታጋቶስ በፊት ይህን ቢያስብ ይሻላል።) ፕሮቲኑ ካልወጣ በኋላ ላይ ከስኳሩ ጋር ተቃጥሎ ሽሮፑን ቡናማ ያደርገዋል።

ቀጥሎ ላክቴዝ። እዚህ ምርጫ አለ፤ ስሕተትም አለ። ለትኩስ ወተት የሚሸጠው ከእርሾ የሚወጣ ላክቴዝ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 6.5 አካባቢ ይፈልጋል፤ 4.5 በሆነ አጓት ውስጥ ሥራ አይሠራም። ለኮምጣጣው አጓት የሚሆነው አስፐርጊለስ ኦሪዜ ከሚባል ሻጋታ የሚወጣው ነው፤ በ50 ዲግሪ፣ በፒኤች 4.5 ደስ ብሎት ይሠራል። ጋላክቶሱ ሲበዛ ግን ላክቴዙን ያግተዋል፤ የመጨረሻው 10 በመቶ ላክቶስ ግትር የሚሆነው ለዚህ ነው።

ከዚያ ግሉኮሱ መውጣት አለበት። ርካሹ መንገድ የዳቦ እርሾ ነው። በ30 ዲግሪ እርሾው ግሉኮሱን አስቀድሞ ይበላል፤ ግሉኮስ እያለ ጋላክቶስን ዞር ብሎ አያይም። ግሉኮሱ ሲያልቅ አረፋው ጋብ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ዕረፍት ያደርግና እንደገና ይነሣል። ሁለተኛው አረፋ ጋላክቶሱ እየተበላ መሆኑን ነው የሚናገረው። እርሾው ተጠልሎ መውጣት ያለበት በዚያ ዕረፍት ላይ ነው። ጠላ የጠመቀ ሰው «ይብላላ፣ ይደር» ማለት ይለምዳል፤ እዚህ ማሳደር ማለት ሌሊቱን ጥሬ ዕቃውን ማጣት ነው።

አሁን አሲዱ። አይሶመሬዙ ከ7 እስከ 8 ያለ ፒኤች ይፈልጋል። 1 በመቶ አሲድ ያለውን 100 ሊትር አጓት ለማለዘብ 440 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይገባል፤ አሲዱም 1.2 ኪሎ ሶዲየም ላክቴት ይሆናል። ልብ በሉ፦ ማጣፈጫው 0.65 ኪሎ፣ ጨው 1.2 ኪሎ። የወተቱ የራሱ ማዕድን ገና አልተቆጠረም። ይህ ሁሉ በሬዚን (ጨው በሚይዙ ጥቃቅን ሰው ሠራሽ ፍሬዎች) ካልወጣ ምላስ ላይ የሚቀረው ጨዋማ ጣፋጭ ነው። ፒኤቹ ሲነሣና ሲሞቅ ደግሞ ካልሲየም ፎስፌት እንደ ኖራ እየነጣ ይወርዳል፤ ቱቦ ይዘጋል፣ ማሞቂያው ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ከኢንዛይሙ በፊት ማጥራት፣ ከኢንዛይሙ በኋላም ማጥራት አለ።

ኢንዛይሙ ደጋግሞ እንዲያገለግል በእንክብል ውስጥ ይታሠራል። የተለመደው ዘዴ 3 በመቶ ሶዲየም አልጂኔት ከኢንዛይሙ ወይም ከሕዋሱ ጋር ቀላቅሎ፣ በሲሪንጅ ጠብ ጠብ እያደረጉ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ መጣል ነው። ጠብታዋ ስትነካው ትረጋለች፤ ሁለት ሰዓት ቆይታ የዓሣ እንቁላል ትመስላለች። ይህ በንጹሕ ጋላክቶስ ግሩም ሆኖ ይሠራል። አጓት ውስጥ ግን ፎስፌትና ሲትሬት አሉ፤ ሁለቱም ካልሲየሙን ከእንክብሉ ይነጥቁታል። ሶዲየሙ ይገባበታል። እንክብሉ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር እንክብሎቹ በተሞሉበት አምድ ውስጥ ንፍጥ ሆኖ ይገኛል። ብዙ ሰው ኢንዛይሙ ሞተ ይላል፤ ያለቀው ግን ማሰሪያው ነው። መፍትሔው ፎስፌቱን ቀድሞ ማውጣት፣ በመጋቢው ፈሳሽ ውስጥ ጥቂት ካልሲየም ማቆየት ወይም ሌላ ማሰሪያ መምረጥ ነው። ኢንዛይሙ 1 ሚሊ ሞላር ያህል ማንጋኒዝም ይፈልጋል፤ እሱም በኋላ መውጣት አለበት።

ሙቀቱ 60 ዲግሪ ላይ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሳይወርድ መቆየት አለበት። 60 የተመረጠው ለሚዛኑ ብቻ አይደለም፤ ዘበኛም ነው፣ አብዛኛው ተሐዋሲ በዚያ ሙቀት አያድግም። መብራት ጠፍቶ ሌሊቱን ወደ 45 የወረደ እንደሆነ ግን ሙቀት ወዳድ ላክቶባሲለሶችና ከማፍላት የተረፉ የባሲለስ ዘሮች የሚወዱት ቦታ ተገኘ። ጠዋት ፒኤቹ 5 ገብቶ፣ ጋላክቶሱ ተበልቶ ይገኛል። ወፍራም ሽፋን ያለው ታንክ ወይም ጄኔሬተር የግድ ነው።

ይህ ሁሉ አልፎ የሚወጣው ፈሳሽ ታጋቶስና ከእጥፍ ትንሽ ያነሰ ጋላክቶስ የተቀላቀሉበት ነው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ክብደት፣ ተቀራራቢ ጠባይ ያላቸው ስኳሮች ናቸው፤ በወንፊት አይለዩም። የሚለያቸው በካልሲየም የተሞላ ሬዚን ያለበት ረጅም አምድ ነው፤ ካልሲየሙ ታጋቶስን ጠበቅ አድርጎ ስለሚይዘው ጋላክቶሱ ቀድሞ ይወጣል። ጋላክቶሱ ወደ ኢንዛይሙ ይመለሳል፤ ታጋቶሱ በቫኪዩም ይተናል፣ የክሪስታል ዘር ይጣልበታል፣ በቀስታ ይቀዘቅዛል። ፋብሪካ የሚያስፈልገው እዚህ ነው። በማጣፈጫው ዋጋ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የውሃ ማትነኑና የመለየቱ ነው። ጽሑፉ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው ስለ ባክቴሪያው ብቻ ያወራል።

«ካሎሪ የለውም» ስለሚለው። ታጋቶስ በግራም 1.5 ኪሎ ካሎሪ አለው፤ ስኳር 4 ነው። 4 ግራም በሚይዝ የሻይ ማንኪያ ብናየው 16 ኪሎ ካሎሪ ወደ 6 ወረደ። ጥሩ ቅነሳ ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ከሚበላው ውስጥ አንድ አምስተኛው ያህል ብቻ በትንሹ አንጀት ይመጠጣል፣ የቀረው ትልቁ አንጀት ደርሶ ይብላላል። የአውሮፓ ደንብ በአንድ ጊዜ መጠን ከ15 ግራም በላይ ታጋቶስ ያለበት ምግብ ላይ «ሲበዛ ያስቀምጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ያዘዘው ለዚህ ነው። ስኒ ቡናውን በሁለት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ሁለተኛው ስኒ ላይ እዚያ ይደርሳል፤ ሦስቱንም ስኒ የሚጠጣው ሆዱን ይጠይቅ። ከልደት ጀምሮ ፍሩክቶስ የማይስማማቸው ሰዎች ደግሞ ጨርሶ መቅመስ የለባቸውም፤ ጉበት ታጋቶስን የሚፈታው በዚያው መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ንጹሕ ታጋቶስ ነው። ጽሑፉ እንደሚለው ያልተለየውን ሽሮፕ የሚጠጣ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። የእርሾውና የአምዱ ሥራ ካልተሠራ፣ ከ100 ሊትሩ የሚወጣው 3.8 ኪሎ ገደማ ስኳር ውስጥ 1.7 ኪሎው ግሉኮስ፣ ከ1 ኪሎ የሚበልጠው ጋላክቶስ፣ ጥቂቱ ያልተፈታ ላክቶስ ነው። ታጋቶሱ ከመቶው 17 ነው። ግሉኮስ 45 በመቶ የሆነበትን ነገር «የስኳር ሕመምተኛ እንዳሻው ይጠጣው» ማለት ይቅርታ የማይደረግለት ስሕተት ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ጸሐፊው ጽሑፋቸውን ቢያርሙት እጅግ መልካም ነው።

በስኳር መለኪያ መፈተሹም አያዋጣም። መሣሪያው ለደም የተሠራ ነው። አብዛኛው ከ600 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በላይ ማንበብ አይችልም፤ ውሃው ገና ያልተነነለት አጓት ራሱ ላክቶሱ ከተፈታ በኋላ 1,700 ያህል ግሉኮስ አለው። አንዳንዱ መለኪያ ደግሞ በስትሪፑ ላይ ባለው ኢንዛይም ዓይነት የተነሣ ጋላክቶስንም ግሉኮስ ነው ብሎ ይቆጥራል። የማር ነጋዴዎች የሚይዙት የብሪክስ መለኪያም አይረዳም፤ ፈሳሹ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደሟሟ እንጂ የትኛው ስኳር እንደሆነ አይነግርም፤ ሶዲየም ላክቴቱንም አብሮ ይቆጥረዋል።

የጣና በለሱ ሐሳብ ከአጓቱ ይሻላል፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። አሉሎስ ከፍሩክቶስ የሚሠራ ነው። መነሻው ንጹሕና የተከማቸ ስኳር ነው፤ ፕሮቲን የለ፣ አሲድ የለ፣ ፎስፌት የለ። ኢንዛይሙን የጃፓኑ ካጋዋ ዩኒቨርሲቲ ሰው ኢዙሞሪ ኬን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ከአፈር ወገን ባክቴሪያ አግኝተው መንገድ ከፈቱ፤ ዛሬ ከአግሮባክቴሪየምና ከክሎስትሪዲየም የተወሰዱት ይሠራሉ። አሉሎስ በግራም 0.4 ኪሎ ካሎሪ ብቻ፣ ጣፋጭነቱ የስኳር 70 በመቶ ነው። ሆኖም ሚዛኑ እዚህም አለ። 100 ኪሎ ስኳር በውሃ ሲፈታ 105 ኪሎ ይሆናል፤ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ። ከ52 ኪሎ ፍሩክቶስ ውስጥ በአንድ ዙር 30 በመቶው አሉሎስ ይሆናል፤ 16 ኪሎ ያህል። የቀረው 89 ኪሎ ወይ እንደገና ይዞራል ወይ ገዢ ይፈለግለታል። ስኳር በወረፋ በሚገዛበት አገር 100 ኪሎ ስኳር አፍስሶ 16 ኪሎ ማውጣት የሚያዋጣው ለማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። በጃዊ በኩል ያለው ፋብሪካ እንፋሎትና ማትነኛ አለው፤ አንድ ቀን ይህ ነገር በአገራችን ቢጀመር የሚጀመረው እንደዚያ ባለ ቦታ ነው፣ ወተት ቤት ጓሮ አይደለም።

እምቦጩን በተመለከተ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው። ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ አንድ ቶን ጎትቶ ማውጣት ከ100 ኪሎ በታች ደረቅ ነገር ይሰጣል። የዛይሊቶል መነሻ የሆነውን ዛይሎስ የሚባል ስኳር ለማውጣት በሰልፈሪክ አሲድ በ120 ዲግሪ መቀቀል አለ፤ በዚያ ጊዜ የሚፈጠረው ፈርፈራል ተሐዋሲውን ይመርዛል። ተክሉ ከውሃ ውስጥ እርሳስና ካድሚየም የሚሰበስብ መሆኑ ደግሞ ለምግብ ጥሬ ዕቃ ጥሩ ምስክር አይሆንም።

ይህን ሁሉ አንብቦ «እኔ ግን በትንሹ ልሞክረው» የሚል ተማሪ ይኖራል፤ ይሞክር። ኢንዛይሙ መሥራቱን ለማወቅ ውድ መሣሪያ እስኪያገኝ አይጠብቅ። የሰሊዋኖፍ ፈተና የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። 50 ሚሊ ግራም ሪዞርሲኖል በ100 ሚሊ ሊትር፣ 3 ሞላር በሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ይሟሟል፤ ጓንትና መነጽር ግድ ነው። ከዚህ 3 ሚሊ ሊትር በየቱቦው ይደረጋል፣ ከሚፈተሸው ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ይጨመራል፣ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ታጋቶስና ፍሩክቶስ ቱቦውን ቶሎ ያቀሉታል፤ ግሉኮስና ጋላክቶስ በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢበዛ ፈዛዛ ሮዝ ይሆናሉ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከቆየ ሁሉም መቅላት ስለሚጀምር ሰዓት ይያዝ።

ቱቦዎቹ ሦስት ይሁኑ። በመጀመሪያው በውሃ የቀጠነ ማር፤ ማር ፍሩክቶስ ስላለው ቀዩ ምን እንደሚመስል ያሳያል። በሁለተኛው አይሶመሬዙ ያልገባበት፣ ግን ላክቴዙና ኮስቲክ ሶዳው ተጨምሮበት በዚያው 60 ዲግሪ ያን ያህል ሰዓት የቆየ አጓት። በሦስተኛው አይሶመሬዙም የገባበት። ሁለተኛውና ሦስተኛው እኩል ከቀሉ ቀለሙ የመጣው ከሶዳውና ከሙቀቱ ነው፤ አልካሊ ብቻውን ጥቂት ግሉኮስን ወደ ፍሩክቶስ፣ ጥቂት ጋላክቶስንም ወደ ታጋቶስ ያዞራልና።